ዛፍ ይሞታል፤ ደንስ ለምን ይሞታል? ድርቅ፣ ወጀብና የይፋት ተረተር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



የዛሬው ርእሴ የታሪክ ሰው ከሚለምደው መስክ ጥቂት ወጣ ያለ ሊመስል ይችላል። ዛፍ በድርቅና በነፋስ እንዴት እንደሚሞት መመርመር የደን ሳይንስ ባለሙያዎች ሥራ ነው፤ እኔም የእነርሱን ወንበር ልቀማ አልመጣሁም። የታሪክ አጥኚ ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ዛፍ ሲሞት ምክንያቱ ድርቅ ነው፣ ወይም ወጀብ ነው ብለን ልንመልስ እንችላለን። አንድ ደን ሲሞት ግን ይኸው መልስ ይበቃልን? ሁለቱን ጥያቄዎች ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ስንቆጥር ኖረናል። በዚህም ምክንያት ስለ ደኖቻችን የጻፍነው ታሪክ ተዛብቷል፤ በታሪኩ ላይ የቆመው ፖሊሲም አብሮ ተዛብቷል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። «እ.ኤ.አ.» ያልኩባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀሩት በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ተረተሩና ቆላው

ምሳሌዬ ይፋት ነው። ከአዲስ አበባ የደሴን አውራ ጎዳና ይዞ የሚጓዝ ሰው ጣርማበር ሲደርስ ደጋው በድንገት ያልቅበታል። ከዚያ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት እስኪገባ ድረስ ከአስታና ከጅብራ አገር ወደ ግራርና ቁርቁራ አገር ይወርዳል፤ ካባውንም በነጠላ ይለውጣል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ሄደ ጀውሃን ያገኛል። ጀውሃ የመንደሩም የወንዙም ስም ነው። ወንዙ በምዕራብ ከቆመው ተረተር ተነሥቶ የቆላውን ሜዳ እያጠጣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራል። በበጋ ይቀጥናል፤ በክረምት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በሜዳው ላይ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ ኑሮው የተመሠረተው ከራሱ ላይ በአንድ ሺህና በሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

ተረተሩ ዝናብ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ነው፤ በበልግና በክረምት። ከዚህም ሌላ ከምሥራቅ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ በወገቡ ላይ ይተኛል። ዛፍ ባለበት ቦታ ቅርንጫፍና ቅጠል ጉሙን ይይዘዋል፤ ጠብ ጠብ እያለም ወደ አፈሩ ይወርዳል። ዛፍ በሌለበት ግን ጉሙ እንደ መጣ ያልፋል። ስለዚህ በዚህ ተረተር ላይ ደን ውኃ ጠጪ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ለቃሚም ነው።

ከዚህ ደን የተረፈው ትልቁ ክፍል ወፍ ዋሻ ነው። ከጀውሃ በስተደቡብ፣ በጣርማበር፣ በባሶና ወራና እና በአንኮበር ወረዳዎች ውስጥ ይገኛል። ከታች ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ጥድ፣ ከዚያ ኮሶና አምጃ፣ ከሁሉ በላይ አስታ ይበቅልበታል። ታምራት በቀለ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት የማዕከላዊ ሸዋ ደኖች ጥናት ከጅባት፣ ከጭሊሞና ከመናገሻ ጋር አራተኛ አድርገው የመረመሩት ይህንኑ ደን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የወጨጫን ተራራ በጥድ ሲያስለብሱ ዘሩ የመጣው ከወፍ ዋሻ ነበር። ትውፊቱን እንደ ማስረጃ ብዙ አልጭንበትም። ቢያንስ ግን የተረተሩ ጥድ ለሌላው አገር የዘር ምንጭ ተደርጎ ይታሰብ እንደ ነበር ያሳየናል።

ዛፍ እንዴት ይሞታል?

ዛፍ ውኃ የሚስበው በግንዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ውኃው ከሥር እስከ ቅጠል እንዳልተበጠሰ ክር የተያያዘ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ክሩ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ልክ ሲያልፍ በቱቦዎቹ ውስጥ የአየር አረፋ ይገባና ክሩ ይበጠሳል። ዛፉ ይህን ለመከላከል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ግን ምግቡን የሚሠራበት አየር ይቀርበታል። በረጅም ድርቅ ውስጥ ያለ ዛፍ እንግዲህ በአንድ ወገን በጥማት፣ በሌላ ወገን በረኃብ ይፈተናል። የተዳከመውን ነፍሳትና ፈንገስ ይጨርሱታል። ጥድ ብዙ ጊዜ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች የሚደርቀውና ከድርቁ ዓመት ዘግይቶ የሚሞተው ስለዚህ ነው።

የነፋስ ሥራ ፈጣን ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በዛፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በተረተር ላይ አፈሩ ስስ ነው፤ ሥሩም ከዐለት በላይ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ወጀቡ የሚመጣው አፈሩ በክረምት ውኃ ከጨቀየ በኋላ ከሆነ ሥሩ መያዣ ያጣል። ያረጀ ጥድ ደግሞ ብዙ ጊዜ እምብርቱ በፈንገስ ተበልቶ ባዶ ስለሚሆን ሳይነቀል ከወገቡ ይሰበራል። በደን ዳር የቆመ ዛፍ ከሁሉ ይበልጥ ይጋለጣል፤ በተለይም ዳር የሆነው በቅርቡ፣ ጎረቤቶቹ ስለ ተቆረጡ ከሆነ። ጎረቤት ነፋሱን እየሰበረለት ያደገ ዛፍ ብቻውን የመቆም ልምድ የለውም።

እንግዲህ ሁለቱ አደጋዎች የሚመርጡት ሰለባ የተለያየ ነው። ድርቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሥሩ ጥልቅ ያልሆነውን ቡቃያ ይገድላል፤ ሲጸና ትልልቆቹንም ይጨምራል። ወጀብ አብዝቶ የሚጥለው ረጅሙንና ሽማግሌውን ነው። ደን ከሁለቱም የሚተርፈው በመካከለኛው ትውልድ፣ ማለትም ሥሩ በጸናና ቁመቱ ለነፋስ ገና ባልተጋለጠው ወጣት ዛፍ ነው። ይህ ትውልድ ካለ የወደቀው ሽማግሌ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። ከሌለ ግን ቦታው ባዶ ይቀራል።

ደመል ተክታይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ደረቅ የደጋ ደኖቻችን ያደረጓቸው ጥናቶች እዚህ ላይ ወሳኝ ናቸው። የእነዚህ ደኖች ዋና ዋና ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ አይቆይም። የደኑ ጎተራ በዛፎቹ ሥር የበቀለው ችግኝ ነው። በሬውና ፍየሉ ችግኙን በየዓመቱ ከበሉት ደኑ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ወይራ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አስታም ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያገግማል። ጥድ ግን አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ተስፋው ዘሩ ብቻ ነው፤ ዘሩም ብርሃን ያለበት ገላጣ ይፈልጋል። ወጀብ ሽማግሌውን ሲጥል የሚከፍተው ገላጣ፣ ከብት ካልገባበት፣ ለጥድ የመወለጃ ቦታ ነው። እንዲህ ከታየ ነፋስ የደን ጠላት ብቻ ሆኖ አይገኝም።

የታሪክ ምስክርነት

ስለ ደን ታሪካችን ለብዙ ዓመታት ሲደጋገም የኖረ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚል። ይህ ቁጥር በመንግሥት ሰነድ፣ በዓለም አቀፍ ድርጅት ዘገባ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ሃልቮር ቮየን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጄምስ ማካን ደግሞ በ1997 ምንጩን ወደ ኋላ ሲከተሉ ጥቅስ ጥቅስን እየጠቀሰ የሚሄድ ሰንሰለት እንጂ መጨረሻው ላይ የተለካ ነገር አላገኙም። ማካን ለምርምራቸው ካነሷቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው አንኮበር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ክራፕፍ፣ ሮሼ ዴሪኩርና ሃሪስ ወደዚያ ስለ ወጡ የ1830ዎቹና የ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የአንኮበር ገጽታ ከሌላው አገር ይልቅ በጽሑፍ ይታወቃል። የሚታወቀውም ገጽታ እርሻና ደን ጎን ለጎን የነበሩበት፣ በሰው እጅ የተሠራ ገጽታ ነው። ዶናልድ ክራሚም እ.ኤ.አ. በ1998 በወሎ ላይ ባሳተሙት ጥናት በ1930ዎቹ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ ከተነሡት ጋር አነጻጽረው በብዙ ቦታ ዛፍ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ አግኝተዋል። እርግጥ የጨመረው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ የባሕር ዛፍ ማሳ ደግሞ ደን አይደለም። ቢሆንም «ድሮ ሁሉ ደን ነበር፤ ገበሬው ጨረሰው» የሚለው ትረካ እንደ ተጻፈው ሊቆም አልቻለም።

የይፋት ተረተርም ያልተነካ ደን ሆኖ የኖረ ቦታ አይደለም። የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሾች፣ ኖራ፣ አስበሪና መሳል፣ ሰዎች በዚህ ተዳፋት ላይ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የድንጋይ መስጊድና ቤት ሠርተው ይኖሩ እንደ ነበር ይመሰክራሉ። እንጨት ቆርጠዋል፤ ከብት አሰማርተዋል፤ አርሰዋል።

ከዚህም ወደ ኋላ የሚወስደን ማስረጃ አለ። ኢትዮጵያዊው ሊቅ መሐመድ ዑመር የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙ ሁለት ሐይቆች ደለል የአበባ ብናኝና ከሰል እያወጣ የ3,000 ዓመት የዕፅዋት ታሪክ አንብቧል። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ተመነጠረ። ቁጥቋጦና ሣር ለ1,800 ዓመት ያህል ቦታውን ያዘ። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የጥድ ደን ተመልሶ ተስፋፋ። ከ1700 ወዲህ እንደ ገና ተመናመነ፤ የአፈር መሸርሸርም በረታ። አጥኚዎቹ ለደኑ መመለስ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ያቀረቡት የዝናብ መጨመርንና የሕዝብ መመናመንን ነው።

ይህ ለታሪክ ተማሪ እጅግ የከበረ ማስረጃ ነው። ደጋው ደኑን አንድ ጊዜ አጥቶ በነጻ የሚወርድ ገደል አይደለም። ደን ሄዷል፤ ደን ተመልሷል። የተመለሰውም ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፤ ሰማይ ሲራራና በምድሩ ላይ ያለው ጫና ሲቀል።

ሰማዩስ ወዴት እየሄደ ነው? የጥድ ግንድ ለዚህ ጥያቄ ራሱ መዝገብ ነው፤ የዓመቱ ቀለበት በእርጥብ ዘመን ይሰፋል፣ በደረቅ ዘመን ይጠብባል። አስተር ገብረክርስቶስን ጨምሮ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት በዓባይ የላይኛው ተፋሰስ የዝናብ ታሪክን በቀለበት እየቆጠረ ወደ 200 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወስዶታል፤ ጽኑ የድርቅ ዓመታትም እየተደጋገሙ መምጣታቸውን አሳይቷል። በሰሜን፣ በትግራይና በአፋር ወሰን ላይ ያለው የደስአ ደን ከይፋት ጋር በአንድ ታላቅ ተረተር ላይ የቆመ ወንድሙ ነው። እዚያ ኤርሚያስ አይነኩሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት እጅግ ብዙ ጥድና ወይራ በቁሙ ደርቆ አግኝተዋል፤ ሞቱም በታችኛው ከፍታ ይበዛል። ደስአ ዛሬ የሚያሳየውን ወፍ ዋሻ ነገ ሊያሳይ ይችላል ብሎ መስጋት ተገቢ ነው።

ድርቅ በሁለት በር ይገባል

እዚህ ላይ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ጂኦግራፈርን ሐሳብ ልዋስ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ድርቅንና ረኃብን ለያይተው አሳይተዋል። ድርቅ የተፈጥሮ ክስተት ነው፤ ረኃብ የሚሆነው ግን አስቀድሞ ለረኃብ የተጋለጠ ሕዝብ ሲያገኝ ነው። ገበሬው ጎተራው ባዶ እንዲሆን ያደረገ ሥርዓት ሳይኖር አንድ ዓመት የዝናብ መቅረት ብቻውን አገር አይፈጅም። እኔ የምለው ይህ ነገር ለደንም ይሠራል ነው። ድርቅ ዛፍን ይገድላል፤ ደንን የሚገድለው አስቀድሞ የነበረው ተጋላጭነት ነው። ባዶ ጎተራ ለገበሬው እህል ማጣት ነው፤ ለደኑ ችግኝ ማጣት ነው።

ሁለቱ ተጋላጭነቶች ደግሞ የተሳሰሩ ናቸው። ድርቅ ወደ ደን የሚገባው በሁለት በር ነው፤ በዛፉ ሥርና በገበሬው ደጃፍ። በልግ ሲቀር የደጋው ገበሬ ገብሱን ያጣል። ግጦሽ ሲደርቅ ከብቱን ወደ ደን ያስገባል፤ የወይራ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይመግባል። ከብቱ ሲያልቅ ከሰልና ማገዶ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለመሸጥ የቀረው እርሱ ብቻ ነውና። ስለዚህ ቡቃያው በጥማት በሚሞትበት በዚያው ዓመት ከሞት የተረፈው በከብት ይበላል፤ ትልቁም ይቆረጣል። ከ1880 እስከ 1884 በነበረው ክፉ ቀን፣ በ1966፣ በ1977፣ በቅርቡም በ2008 በደረሱት ድርቆች ታሪካችን የሰውንና የከብቱን እልቂት መዝግቧል። ደኑ ላይ የደረሰው በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ምክንያቱም የሚታየው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የዚያ ዘመን ቡቃያ ሊሆን ይገባው የነበረው ወጣት ዛፍ ሲታጣ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌውን ወጀብ ሲጥለው እኛ «ነፋሱ ደኑን ጨረሰው» እንላለን። ደኑን የጨረሰው ከነፋሱ ሠላሳ ዓመት የቀደመ ክስተት ነው።

ንጽጽር ከሩቅ አገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 በደቡብ እንግሊዝ ላይ የወረደው ወጀብ በአንድ ሌሊት 15 ሚሊዮን ያህል ዛፍ ጣለ። አገሩ በሐዘን ተመታ፤ የወደቀውን ለማጽዳትና አዲስ ለመትከልም ተጣደፈ። የእንግሊዝ ደኖች ታሪክ ጸሐፊ ኦሊቨር ራክሃም ግን የወደቁት ብዙዎቹ ገና ሕያዋን እንደ ነበሩ፣ ከማዕበሉም ይልቅ ጥድፊያው የበለጠ ጉዳት እንዳደረሰ ተከራከሩ። ሳይነካ በተተወው ቦታ ደኑ ከራሱ ችግኝ ተመልሷል። የመመለስ ዐቅም ያለው ደን ወጀብን እንደ ትውልድ መተካኪያ ይጠቀምበታል።

የጓሳ ትምህርት

ተጋላጭነት የሰው ሥራ ከሆነ መከላከሉም የሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ከተረተሩ መራቅ አያስፈልገንም። ከጀውሃ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በመንዝ ደጋ ጫፍ ላይ ያለው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የዘለዓለም ተፈራ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ባለ ርስቶቹ መሬቱን ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ የሚከፈትበት ጊዜም የሚወሰነው በሣሩ ዕድገትና በሕዝቡ ችግር ነው። የተዘጋው ምድር ስለዚህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቁጠባ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስትን መሠረት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አድሶ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ጓሳ በአብዛኛው የሣርና የአስታ አገር ነው፤ ጥቅጥቅ ደን አይደለም። እኔን የሚገርመኝ የሥርዓቱ አስተሳሰብ ነው። ቄሮ ድርቅ እንደማይመጣ አድርጎ አልተሠራም፤ መምጣቱን አውቆ ተሠራ። ሰውን ለዘለዓለም አላባረረም፤ ተራ አስያዘው። ምድሪቱ ካገኘችው የዕረፍት ዓመት ላይ ነው የክፉው ቀን ሣር የተቆረጠው።

ምን እንቁጠር?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። የተከላ ዘመቻን አልነቅፍም፤ የተራቆተ ተዳፋት መትከልን ይሻል። ነገር ግን ለተረተር ደን የሚበጀው መለኪያ ሌላ ነው። ወደ ወፍ ዋሻ ለምርምር ስትወጡ ቀና ብላችሁ የቆሙትን ትልልቅ ጥዶች ብቻ አትቁጠሩ። ጎንበስ ብላችሁ በጉልበት ቁመት ያለውን፣ ከዚያም በሰው ቁመት ያለውን ቁጠሩ። በሦስቱ መካከል ያለው ክፍተት ደኑ ስለሚመጣው ድርቅና ወጀብ የሚናገረው ትንቢት ነው። በሰው ቁመት ያለው ከጠፋ፣ ያ ደን ምንም ያህል ቢያምር ወራሽ የሌለው ርስት ነው።

ለታሪክ ተማሪዎችም ተጨማሪ ሥራ አለ። የደኑ የዕድሜ ክፍተት የሚገጥመው ከየትኛው ዘመን ጋር ነው? ከድርቁ ዓመት ጋር፣ ወይስ ከመሬት አዋጁ፣ ወይስ ከ1983ቱ የሥርዓት ለውጥ ጋር? ለዚህ የገዳማትና የአድባራት መዛግብት፣ የግብር ሰነዶች፣ የቆዩ የአየር ፎቶግራፎች፣ የአባቶችና የእናቶች ቃል አሉ። እነዚህን ከዛፍ ቀለበት ጋር ማናበብ ገና በሰፊው ያልተሠራ፣ እናንተን የሚጠብቅ መስክ ነው።

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚነካው እኛን ብቻ አይደለም። ድርቁ ብቻ ነው ጥፋተኛው ካልን ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ ማንም የሚሠራው ሥራ አይኖርም። ገበሬው ብቻ ነው ጥፋተኛው ካልን ደግሞ አጥር አጥረን እናስወጣዋለን፤ እርሱም በሚቀጥለው ድርቅ ሌሊት መጥረቢያውን ይዞ ይመለሳል። የተረተሩ ገበሬ በክፉ ዓመት ከደን በቀር የሚሸጠው ነገር እንዲኖረው ማድረግ፣ እኔ እንደማየው፣ ከማንኛውም ችግኝ ያላነሰ የደን ጥበቃ ነው። ጥበቃው የሚሠምረው ከላይ ሲሆን፣ የሚመሰክርለት ከታች፣ በጀውሃ ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ነው፤ በበጋ በቦዩ ስለሚደርሰው ውኃና በክረምት ከማሳው ስለማይወሰደው አፈር።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።